ከቤተ ሙከራ እስከ ጤና ኬላ፦ የቅርብ ዓመታት የሕክምና ምርምር ግኝቶች

የሕክምና ምርምር ውጤት ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ ክትባት መገኘቱን የሚያበስር ዜና ነው። ይሁንና ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በልዩ ልዩ የሕክምና ዘርፎች ከተገኙት ውጤቶች መካከል ለታዳጊ አገሮች ከፍተኛ ፋይዳ ያላቸው ብዙዎቹ የተለየ መልክ አላቸው። አንዳንዶቹ ለዓመታት ሲታመንበት የቆየ መመርመሪያ ማታለል መጀመሩን የሚያስጠነቅቁ ናቸው። ሌሎቹ ሦስት ጊዜ ይሰጥ የነበረ ክትባት አንድ ጊዜ ቢሰጥ በቂ መሆኑን፣ ሁለት ዓመት ያህል ይወሰድ የነበረ መድኃኒት በስድስት ወር ሊጠናቀቅ መቻሉን፣ ወይም ሳሙና፣ ውኃና ጫማ በሥርዓት ሲቀርቡ ሕመምን የሚቀንሱ መሆናቸውን ያረጋገጡ ናቸው። እንዲህ ያለው ግኝት በሥራ ላይ የሚውለው መመሪያ ሲሻሻል፣ የግዥ ዝርዝር ሲለወጥና በጀት ሲመደብ በመሆኑ ጉዳዩ ከጤና ባለሙያው አልፎ በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን ሠራተኛና ኃላፊ ይመለከታል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመመርመሪያው የተሰወረው ወባ

ከአገራችን የቆዳ ስፋት ሦስት አራተኛ የሚሆነው ክፍል ለወባ ተጋላጭ ነው። ማይክሮስኮፕ፣ ኤሌክትሪክና የቤተ ሙከራ ባለሙያ በሌለበት ጤና ኬላ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሁነኛ መሣሪያ ሆኖ የቆየው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም በ20 ደቂቃ ገደማ ውጤት የሚያሳየው ፈጣን መመርመሪያ ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የተባለው፣ ለሞት የሚያደርሰው የወባ ተውሳክ ኤች.አር.ፒ.2 የሚባል ፕሮቲን በታማሚው ደም ውስጥ ያመነጫል። በመመርመሪያው ላይ ያለው ንጥረ ነገር ይህን ፕሮቲን ሲያገኝ መስመር ይታያል። ፕሮቲኑ ከሌለ መስመር አይታይም፤ መስመር ካልታየም ታማሚው ወባ እንደሌለበት ተቆጥሮ ያለ ወባ መድኃኒት ይሰናበታል።

በ2010 በፔሩ የአማዞን አካባቢ የተደረገ ጥናት ይህን ፕሮቲን የሚያዘው ዘረ መል ከናካቴው የጠፋባቸው ተውሳኮች መኖራቸውን አመለከተ። ነገሩ በጊዜው ከሩቅ አገር የመጣ ያልተለመደ ወሬ መስሎ ነበር። በ2016 ግን በጎረቤት ኤርትራ በሆስፒታሎች ከታዩ ሕሙማን መካከል ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው እንዲህ ያለውን ተውሳክ ተሸክመው በመገኘታቸው አገሪቱ የምትጠቀምበትን መመርመሪያ ለመለወጥ ተገደደች።

በኢትዮጵያ በ2017 እና በ2018 በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን ያካተተ ሰፊ ጥናት ተካሂዷል። በ2021 የታተመው የዚህ ጥናት ውጤት እንደሚያስረዳው፣ ከፋልሲፓረም ወባ ታማሚዎች 9.7 በመቶ የሚሆኑት የዘረ መሉ መጥፋት ባስከተለው ምክንያት በተለመደው መመርመሪያ ሳይታወቁ ሊያልፉ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ አኃዝ 5 በመቶ ሲደርስ መመርመሪያው እንዲለወጥ ይመክራል። አኃዙ ከወሰኑ እጥፍ ገደማ መሆኑ ብቻውን ለአንድ የግዥ ክፍል ኃላፊ በቂ መልእክት ነው።

ከአኃዙ ይልቅ አሳሳቢ የሆነው ግን የነገሩ አመጣጥ ነው። ሕክምና የሚሰጠው በምርመራ ውጤት ላይ ብቻ ተመሥርቶ በሚሆንበት ጊዜ፣ በመመርመሪያው የሚታየው ተውሳክ በመድኃኒት ይጠፋል፤ የማይታየው ግን በታማሚው ደም ውስጥ ቆይቶ በትንኝ አማካይነት ወደ ሌላው ይተላለፋል። በሌላ አነጋገር መመርመሪያው ራሱ የማይታየውን ተውሳክ እየመረጠ የሚያስቀር ወንፊት ይሆናል። መፍትሔው ምርመራን መተው አይደለም፤ ያለ ምርመራ መድኃኒት ማደል የባሰ ጉዳት አለውና። ኤል.ዲ.ኤች የተባለውን ሌላ የተውሳኩን ንጥረ ነገር የሚለዩ መመርመሪያዎች ያሉ ሲሆን፣ እነዚህም ሙቀትን በመቋቋምና አነስተኛ የተውሳክ መጠንን በመለየት ረገድ ከቀድሞዎቹ ያነሱ ሆነው መቆየታቸው ምርጫውን አስቸጋሪ አድርጎታል። ስለሆነም የመመርመሪያ ግዥ ከዋጋ ማወዳደር ያለፈ፣ በየጊዜው በሚደረግ የቅኝት ጥናት ላይ የሚመሠረት ሥራ ሆኗል።

በ2023 ከኤርትራ የቀረበ ሌላ ጥናት ደግሞ አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት በከፊል የተላመዱ ተውሳኮች መገኘታቸውን፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከላይ የተገለጸው ዘረ መል የጠፋባቸው መሆናቸውን አሳይቷል። ከመድኃኒቱ መላመድ ጋር የተያያዘው ይኸው የዘረ መል ለውጥ በሰሜን ኢትዮጵያም ታይቷል። ከፊል መላመድ ማለት ተውሳኩ ከደም የሚጠፋበት ጊዜ ይዘገያል ማለት ሲሆን፣ አብሮት የሚሰጠው ሁለተኛው መድኃኒት እስከሠራ ድረስ ታማሚው ይድናል። ሁለተኛው መድኃኒት የሚጠበቀውም የታዘዘው መጠን ሙሉ በሙሉ ሲወሰድና ጥራቱን ያልጠበቀ መድኃኒት ከገበያ ሲወገድ ነው።

በከተማ የምትራባው ትንኝ

በአገራችን ወባ የቆላና የገጠር በሽታ፣ ከዝናብ በኋላ የሚመጣ በሽታ ነው የሚለው እምነት ለረጅም ጊዜ የዕቅድ መነሻ ሆኖ ቆይቷል። አኖፊሊስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ ይህን እምነት ፈተና ላይ ጥላዋለች። ትንኟ የደቡብ እስያና የዓረብ ልሳነ ምድር ነዋሪ የነበረች ስትሆን፣ በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው በ2012 በጅቡቲ ነው። በኢትዮጵያ በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር መገኘቷ ተረጋግጧል፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች በርካታ ከተሞችም ታይታለች።

ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። በበርሜል፣ በሮቶ፣ በግንባታ ሥፍራ ለሲሚንቶ ማቡኪያ በሚጠራቀም ውኃ ትራባለች፤ ከአንዳንድ ነፍሳት ማጥፊያ ኬሚካሎች ጋርም ተላምዳለች። በ2022 በድሬዳዋ ከተማ በደረቁ ወራት የወባ ሕሙማን ቁጥር ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ከአሥር እጥፍ በላይ ሲያድግ፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች የተሳተፉበት ቡድን ምክንያቱን አጠና። በ2023 የታተመው ውጤት እንዳመለከተው፣ በሕሙማን ቤትና አካባቢ፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማደሪያም ጭምር፣ በብዛት የተገኘችው ስቴፈንሲ ስትሆን ተውሳኩን ተሸክማ የተገኘችውም እርሷ ናት።

የዚህ ጥናት ተቀባይ ማን እንደሆነ ማሰብ ይገባል። የቧንቧ ውኃ ሲቋረጥ ነዋሪው በበርሜል ያጠራቅማል፤ የተጠራቀመው ውኃ ካልተከደነ ትንኟ ትራባበታለች። እንግዲህ የውኃ አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍልና የከተማው ጽዳት አስተዳደር ሳይፈልጉት የወባ መከላከል ሥራ ባለድርሻ ሆነዋል። ማታ ማታ አጎበር መዘርጋት ብቻውን ይህን አይመልስም።

በክትባት በኩል አር.ቲ.ኤስ.ኤስ የተባለው የመጀመሪያው የወባ ክትባት በ2021፣ አር 21 የተባለው ሁለተኛው ደግሞ በ2023 በዓለም ጤና ድርጅት ተመክረዋል። የመጀመሪያው በሰባት የአፍሪካ አገሮች ከ15 ሺህ በላይ ሕፃናትና ጨቅላዎችን ባሳተፈ ሙከራ የተፈተሸ ሲሆን፣ አራት ጊዜ የተከተቡ ሕፃናትን በአራት ዓመት ውስጥ ከሚደርስባቸው የወባ ሕመም ከሦስተኛው እጅ በላይ ታድጓል። የሁለተኛው ዋጋ ለአንድ ጊዜ ክትባት ከ4 ዶላር በታች በመሆኑ በስፋት ለማዳረስ ያመቻል። ሁለቱም የሚከላከሉት ግን የፋልሲፓረምን ወባ ነው። በአገራችን ከፍተኛ ድርሻ ያለውንና በጉበት ውስጥ ተደብቆ ደጋግሞ የሚያገረሸውን ቫይቫክስ አይነኩም።

የዝሆኔ ምስጢርና ቀላሉ ሕክምና

በከፍታ ሥፍራ ቀይ አፈር በሚታረስባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች የብዙ ገበሬዎች እግር እያበጠ፣ ቆዳው እየደደረ የሚሄድበት በሽታ ዝሆኔ በመባል ይታወቃል። በቆላማ አካባቢዎች በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዓይነት ዝሆኔ ያለ ቢሆንም፣ ይኸኛው ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው ምንም ዓይነት ተሕዋስ የለበትም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ኧርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ባካሄዱት የረጅም ጊዜ ጥናት እንዳስረዱት፣ መንስኤው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ውስጥ ያሉት ደቃቅ የማዕድን ብናኞች ናቸው። ብናኞቹ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገቡና የሰውነት ፈሳሽ የሚያልፍባቸውን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹም ይዘጋሉ። በኢትዮጵያ በዚህ በሽታ የተያዙት ሰዎች ቁጥር 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል።

አንድ ጥያቄ ግን ለረጅም ጊዜ መልስ አላገኘም ነበር። በአንድ መንደር፣ በአንድ ማሳ ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግሩ እያረሰ የሚታመመው ጥቂቱ ለምንድን ነው? የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች በጋራ ያደረጉትና በ2012 የታተመው የዘረ መል ጥናት፣ የሰውነት መከላከያ ኃይልን በሚመሩ ዘረ መሎች ላይ የሚታይ ልዩነት አንዳንዱን ሰው ለበሽታው ይበልጥ ተጋላጭ እንደሚያደርገው አረጋግጧል። ከዚያ ቀደም ሲል በወላይታ የተደረገ ጥናትም የሕሙማን ወንድሞችና እኅቶች በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ አምስት እጥፍ ያህል መሆኑን አመልክቶ ነበር።

ይህ ውጤት በጥንቃቄ ሊነገር የሚገባው ነው። ዝሆኔ ያለበት ቤተሰብ ልጅ የማይዳርበት፣ ከማኅበርና ከገበያ የሚገለልበት አካባቢ ብዙ ነው፤ «በዘር የሚወረድ ነው» የሚለው አባባልም የመገለሉ ዋና ምክንያት ሆኖ ኖሯል። ተመራማሪዎቹ ናሙና ከመሰብሰባቸው በፊት ይኸው መገለል የፈቃድ አጠያየቁን እንዴት እንደሚነካው ያጠኑትም ለዚህ ነው። ጥናቱ በዘር ይተላለፋል ያለው ተጋላጭነቱን እንጂ በሽታውን አይደለም። የታማሚ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ ዘረ መሉ ምንም ይሁን ምን እግሩ አያብጥም።

የታመመውስ? ለዚህ መልስ የሰጠው በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደውና በ2018 የታተመው ሙከራ ነው። ወደ 700 የሚጠጉ ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን ወዲያውኑ፣ ሌላው ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምና እንዲያገኝ ተደረገ። ሕክምናው እግርን በሳሙናና በውኃ አጥቦ ማድረቅ፣ ቆዳን በቅባት ማለስለስ፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስና ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በዓመቱ መጨረሻ፣ ትኩሳትና ብርቱ ሕመም አስከትሎ አልጋ ላይ የሚያውለው የእግር መቆጣት ሕክምና ባላገኙት ላይ ለአንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ሲደርስ፣ ባገኙት ላይ 19.4 ጊዜ ደርሷል።

ቅነሳው አምስተኛ እጅ ያህል በመሆኑ ለአንዳንዱ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይሁንና 23.9 ማለት በየወሩ ሁለት ጊዜ መተኛት ማለት ነው። በእርሻና በአጨዳ ወቅት ቀናት የሚቆይ ሕመም የሚቀርለት ገበሬ የሚያገኘው ጥቅም በመቶኛ ስሌት ብቻ አይለካም። ለሕክምናው የሚያስፈልገው ዕቃም ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሰጥ የሚችል ነው። አስቸጋሪው ያበጠ እግርን የሚያህል ጫማ ማግኘት ነው፤ ይህም በልክ የሚሠራ ጫማ ሰፊ ይጠይቃል።

ካላዛርና መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ

በመተማና በሑመራ የሰሊጥ እርሻዎች ለአጨዳ ከደጋ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች፣ ሌሊት በሜዳ ሲያድሩ በምትነድፋቸው የአሸዋ ዝንብ አማካይነት ካላዛር ይይዛቸዋል። ካልታከመ የሚገድለው ይህ በሽታ በምሥራቅ አፍሪካ ለ17 ቀናት በየቀኑ በሚሰጡ ሁለት መርፌዎች ሲታከም የቆየ ሲሆን፣ ከሁለቱ አንደኛው በልብ፣ በጉበትና በቆሽት ላይ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ነው። በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተካሄደውና በ2022 ውጤቱ የታወቀው ሙከራ፣ ሚልቴፎሲን የተባለውን በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ከአንድ መርፌ ጋር በማጣመር ሕክምናውን በ14 ቀን ማጠናቀቅ እንደሚቻል አሳይቷል፤ በሁለቱም መንገድ ከ100 ሕሙማን 91 ያህሉ ድነዋል። መድኃኒቱ በፅንስ ላይ ጉዳት ስለሚያስከትል ለነፍሰ ጡር ሴቶች አይሰጥም። ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ በአንድነት ለያዟቸው ሰዎች ደግሞ በጎንደርና በአብደራፊ የተካሄደ ሙከራ ያስገኘው የተጣመረ ሕክምና በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ውስጥ ገብቷል። ይህ በአገር ውስጥ የተገኘ ማስረጃ ዓለም አቀፍ መመሪያን የለወጠበት ጥሩ ምሳሌ ነው።

መድኃኒት የተላመደውን የሳንባ ነቀርሳ በተመለከተም ኢትዮጵያ የተሳተፈችበትና በ2019 የታተመው ሙከራ፣ 20 ወር ይፈጅ የነበረው ሕክምና በ9 ወር ሲሰጥ ተቀራራቢ ውጤት እንዳለው አረጋግጧል። ያም ሆኖ የዘጠኝ ወሩ ሕክምና የመስማት ችሎታን ሊያሳጣ የሚችል መርፌ ነበረበት። ቀጣዮቹ ጥናቶች ይህን አስወግደው በኪኒን ብቻ ወደሚጠናቀቅ ሕክምና ያመሩ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መጨረሻ አራት መድኃኒቶችን ያካተተ የስድስት ወር ሕክምና መክሯል። ሕክምናው ማጠሩ ሕሙማን ሥራቸውንና ቤተሰባቸውን ትተው የሚቆዩበትን፣ ሆስፒታሎችም አልጋ የሚይዙበትን ጊዜ ይቀንሳል።

በእናቶችና በሴቶች ጤና

ከወሊድ በኋላ የሚደርስ የደም መፍሰስ በዓለም ላይ ለእናቶች ሞት ቀዳሚ ከሆኑት ምክንያቶች አንዱ ነው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች ከ200 ሺህ በላይ ወላዶችን ያካተተውና በ2023 የታተመው ጥናት ያተኮረው በአንድ ተራ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም የፈሰሰው ደም በዓይን ግምት መለካቱ ነው። በዓይን ሲገመት ከደም መፍሰሱ ግማሽ ያህሉ ብቻ በጊዜው ይታወቅ ነበር። ልኬት የተጻፈበት የፕላስቲክ መቀበያ ከወላዷ ሥር ሲደረግ ግን 93 በመቶው ታውቋል። አዋላጇ ደም መብዛቱን ባየች ጊዜ ማህፀንን ማሸት፣ ማህፀንን የሚያኮማትር መድኃኒትና ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ መስጠት፣ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ ምክንያቱን መመርመር የተባሉትን እርምጃዎች ተራ በተራ ሳትጠብቅ በአንድነት ትወስዳለች። በዚህም ከባድ የደም መፍሰስ፣ በዚሁ ምክንያት የሚደረግ የሆድ ቀዶ ሕክምናና ሞት ተደምረው በ60 በመቶ ቀንሰዋል። ከእርምጃዎቹ አንዳቸውም አዲስ አልነበሩም። አዲሱ ነገር መለካቱና በአንድነት መፈጸሙ ነው።

የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በ2006 ሥራ ላይ ሲውል ሦስት ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ በ2014 ወደ ሁለት ወረደ። በኬንያ 2,275 ወጣት ሴቶችን ያሳተፈውና በ2022 የታተመው ሙከራ አንድ ጊዜ መከተብ ለካንሰሩ ዋና መንስኤ ከሆኑት የቫይረስ ዓይነቶች 97.5 በመቶ እንደሚከላከል ካመለከተ በኋላ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ዓመት የአንድ ጊዜ ክትባትን ፈቅዷል። በኢትዮጵያ ክትባቱ የተጀመረው በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ነው። በሁለት ዙር ሲሰጥ በመጀመሪያው ተከትባ በሁለተኛው ከትምህርት ቤት የቀረችውን ተማሪ መፈለግ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች ትልቅ ሥራ እንደነበር የሚታወስ ነው።

ኤች.አይ.ቪን በመከላከል ረገድ ሌናካፓቪር የተባለው፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ከቆዳ ሥር የሚወጋው መድኃኒት በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገ ሙከራ ከወሰዱት 2,134 ልጃገረዶችና ወጣት ሴቶች አንዲቱም በቫይረሱ አልተያዘችም። በየቀኑ ኪኒን መዋጥ በተመሳሳይ ሙከራ እጅግ ያነሰ ውጤት ያሳየው ኪኒኑ ስለማይሠራ አልነበረም፤ አብዛኞቹ በየቀኑ ስላልወሰዱት ነው። ውጤቱ በ2024 ታትሞ በ2025 የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱን መክሯል። በዩናይትድ ስቴትስ የወጣለት ዋጋ ለአንድ ሰው በዓመት ከ28 ሺህ ዶላር በላይ ሲሆን፣ በ2025 ይፋ በተደረጉ ስምምነቶች መሠረት በሕንድ ኩባንያዎች የሚመረተው ተመሳሳይ መድኃኒት ከ2027 ጀምሮ ለ120 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው አገሮች በዓመት 40 ዶላር ገደማ እንዲቀርብ ታቅዷል።